የስደተኛው የቲም ስም አማና ነው



በመሳለሚያና በአካባቢዋ የሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች የቲም ለመርዳት ሲነሱ ደጋግመው የሚያቀርቡልን ጥያቄ አለ፤ «ወላጆቹን በስደት ያጣ ሕፃን ወስደን በስማችን ብናስጠራው ምን አለበት?» የሚል ነው። ጥያቄው ከርኅራኄ የመነጨ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን ሕፃኑን ስንረዳ ሳናውቀው እንዳንበድለው ጉዳዩን በጥሞና ልንመለከተው ይገባል።

መልሱን ከአገራችን ታሪክ እንጀምር። በ615 (እ.ኤ.አ.) ገደማ በተጀመረው የሐበሻ ስደት ከመጡት ሙስሊሞች መካከል ጃዕፈር ኢብን አቡ ጣሊብና ባለቤታቸው አስማእ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) ይገኙበታል። ልጃቸው ዐብደላህ የተወለደው በዚሁ በሐበሻ ምድር ነው። ቤተሰቡ ወደ መዲና ከተሻገረ በኋላ፣ በ629 ጃዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆኑ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን አቅርበው አለቀሱ፤ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲዘጋጅ አዘዙ፤ የልጆቹንም ኃላፊነት ራሳቸው ተረከቡ። እናቲቱ በኋላ አቡበክርን፣ ከእርሳቸው ሞት በኋላም ዐሊይን (ረ.ዐ) አገቡ። ሕፃኑ በእነዚህ ታላላቅ ሰዎች እጅ ቢያድግም ስሙ አልተለወጠም፤ እስከ ዕለተ ሞቱ ዐብደላህ ኢብን ጃዕፈር ተብሎ ተጠራ።

ይህም የአላህ ትእዛዝ ነው። የሱረቱል አሕዛብ 5ኛ አንቀጽ ልጆች በአባቶቻቸው ስም እንዲጠሩ፣ አባታቸው ካልታወቀም የሃይማኖት ወንድሞች ተደርገው እንዲታዩ ያዛል። የቲሙ በአባቱ ስም ዘመዶቹን ያገኛል፤ ውርሱን ይጠይቃል፤ በኒካሕ የማይፈቀዱለትንም ይለያል።

ስም ሲጠፋ የሚደርሰውን ጉዳት በሮሂንጃ ሙስሊሞች ላይ አይተናል። በ1982 የወጣው የማይናማር ሕግ ዜግነት አሳጣቸው፤ ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮም ከ700,000 የሚበልጡት ወደ ባንግላዴሽ ተሰደዱ። በኮክስ ባዛር መጠለያዎች የሚያድጉ ሕፃናት የእኛ ናቸው የሚላቸው አገር የላቸውም።

ወደ አገራችን ብንመለስም ስደተኞች በደጃችን ናቸው። የሶማሊያ ስደተኞች ከ1991 ጀምሮ በቀብሪበያህ፣ ከ2011 ረሃብ ወዲህም በብዛት በዶሎ አዶ ተጠልለዋል። የሱዳን ጦርነት በሚያዝያ 2023 ሲፈነዳ ደግሞ ብዙ ቤተሰቦች በመተማና በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። ሌሊት የሸሸች እናት ልጇን ታዝላለች እንጂ ወረቀት ለመፈለግ ጊዜ የላትም። ከጥቅምት 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስደተኞች በአገራችን ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን በሕግ እንዲያስመዘግቡ መፈቀዱ ትልቅ ጸጋ ነው።

እንግዲህ ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ የሕፃኑን፣ የአባቱን፣ የአያቱንና የእናቱን ስም፣ የመጣበትንም መንደር ሳይረሳ መጻፍ። በመሳለሚያ ያለ ነጋዴ በአደራ የተቀመጠ ጆንያ ከሌላው እንዳይቀላቀል የባለቤቱን ስም ይጽፍበታል። የሰው ልጅ ከጆንያ ያነሰ ጥንቃቄ ሊደረግለት አይገባም።

ሁለተኛ፣ ልደቱ ያልተመዘገበ ከሆነ እንዲመዘገብ መርዳት፤ ዘመዶቹ የጠፉበት እንደሆነም የጠፉ ቤተሰቦችን በማፈላለግ የሚታወቀውን የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር መጠየቅ።

ሦስተኛ፣ እናት ካለችው ከእናቱ አለመለየት። የቤት ኪራዩንና ቀለቡን ብንሸፍን ቤተሰቡ አይበተንም።

አራተኛ፣ ሀብታችንን ልናካፍለው ከፈለግን በሕይወት ሳለን መስጠት፣ ወይም ከንብረታችን እስከ አንድ ሦስተኛ በወሲያ መናዘዝ እንችላለን። ለዚህ ስሙን መለወጥ አያስፈልግም።

የቲምን የሚያሳድግ ሰው በጀነት ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ጎን ለጎን እንደሚሆን በሁለት ጣቶቻቸው አሳይተው አብስረውናል። ይህን ደረጃ የምንመኝ ሁሉ እንጀራውን ስንሰጠው የአባቱን ስም አንውሰድበት።

አላህ አማናውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።