ማሽላ የዕለት ምግብ፣ ዘሩ ግን የማይተነበይ ሸቀጥ፦ የአቅርቦት ሰንሰለት ትምህርት ከጎብዬ ማሳ አንጻር

በድኅረ ምረቃ የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር ትምህርት አዘውትረው ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱ ማርሻል ፊሸር በ1997 እ.ኤ.አ. በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ያሳተመው ነው። ፊሸር ምርቶችን ለሁለት ይከፍላል። ፍላጎታቸው የተረጋጋ የዘወትር ምርቶች ወጪ ቆጣቢ ሰንሰለት፣ ፍላጎታቸው የማይተነበይ አዳዲስ ምርቶች ደግሞ ፈጣን ምላሽ የሚሰጥ ሰንሰለት ይገባቸዋል። ምሳሌዎቹ የታሸገ ሾርባና የበረዶ ሸርተቴ ልብስ ናቸው። በዚህ አከፋፈል ማሽላ ያለ ጥርጥር ከሾርባው ወገን ይሰለፋል። የማሽላ ዘር ግን፣ ቢያንስ በራያ ቆላ፣ ወደ ሸርተቴው ልብስ ይቀርባል።

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆቦ ወረዳ ከተማ ናት። በአካባቢው ገበሬው ሁለት የመዝሪያ ወቅት አለው። ዝናቡ ሚያዝያ ላይ በበቂ ከጣለ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉ ነባር ዝርያዎች ይዘራሉ፤ እነዚህ ከስድስት ወር በላይ በማሳ ይቆያሉ። ዝናቡ ከቀረ፣ ወይም ቡቃያው በግንቦትና በሰኔ ሐሩር ከደረቀ፣ ሐምሌ መግቢያ ላይ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ያስፈልጋል። ስለዚህ የዚህ ዘር ፍላጎት በአንዱ ዓመት ከቁጥር የማይገባ፣ በሌላው ዓመት ከመጋዘን የሚተርፍ ይሆናል። መጠኑን የሚወስነው የሚያዝያ ሰማይ ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሐምሌ የሚቀረው ጊዜም ሦስት ወር አይሞላም።

ከፈጥኖ ደራሾቹ አንዱ ከከተማዋ ጋር አንድ ስም ያለው «ጎብዬ» ነው። ዝርያው በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ ከተመራው የማሽላ ማሻሻያ ሥራ የተገኘ ሲሆን፣ ፕሮፌሰሩ በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ተሸላሚ ሆነዋል። «ጎብዬ» ተፈላጊ የሆነው አቀንጭራን ስለሚቋቋም ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው የማሽላው ሥር ወደ አፈር የሚለቀውን ኬሚካዊ ምልክት ሲያገኝ ነው፤ ተቋቋሚው ዝርያ ምልክቱን እጅግ በጥቂቱ ስለሚለቅ ጥገኛው ሳይነቃ ይቀራል። በአንጻሩ ተጋላጭ ዝርያ በተዘራበት ማሳ አንዲት የአቀንጭራ ተክል በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትበትናለች፤ ይህም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። እንግዲህ በሒሳብ ቀመር ውስጥ «የእጥረት ዋጋ» ተብሎ በአንድ ፊደል የሚጻፈው ነገር እዚህ ከአንድ ወቅት ተሻግሮ የሚቀጥሉትን ዓመታት ምርት ይነካል።

አቅርቦቱ በአንጻሩ ዝግተኛ ነው። ከተመራማሪው እጅ የሚወጣው ጥቂት ዘር ቅድመ መሥራች፣ ቀጥሎ መሥራች፣ በመጨረሻም የተመሰከረለት ዘር እስኪሆን በየደረጃው አንድ የምርት ወቅት ይፈጃል። የፍላጎት መረጃም ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞንና ወደ ክልል እየተደመረ ይወጣል። መረጃው ሲሰበሰብ የሚቀጥለው ሚያዝያ ገና ስላልታወቀ፣ አሰባሰቡን ማሻሻል ብቻውን ችግሩን አይፈታም። በአማራ ክልል በ2011 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቀጥተኛ የዘር ግብይትም መነሻው ዲቃላ በቆሎ ነበር፤ የዲቃላ ገዢ በየዓመቱ ይመለሳል። ማሽላ ግን በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያራባ ገበሬው ከራሱ አዝመራ ዘር ያስቀራል፤ ለአባዡም ቋሚ ደንበኛ አይሆንም።

«የጋዜጣ ሻጩ ችግር» በመባል የሚታወቀው ሞዴል ይህን ሁኔታ በሚገባ ይገልጸዋል፤ ዳሩ ግን ስሌቱ የማን ነው? ለማስረዳት ያህል፣ አንድ ኪሎ ዘር ቢተርፍ የሚደርሰው ኪሳራ 1 ብር፣ ቢጎድል ገበሬው የሚያጣው 9 ብር ቢሆን፣ ተገቢው ክምችት ከ10 ዓመት በ9ኙ ፍላጎትን የሚሸፍን ነው። ዘር አባዡ ድርጅት ግን ከጉድለቱ የሚያጣው ትርፉን ብቻ ነው። ትርፉ 1 ብር ቢሆን የእርሱ ስሌት ከ10 ዓመት ለ5ቱ ብቻ የሚበቃ ክምችት ይሰጠዋል። ድርጅቱ አልተሳሳተም፤ የሠራው በራሱ ወጪ ነው። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ዘር ወጪ የሚሸፍንለት ሦስተኛ ወገን ይሻል፤ ይህም የትንበያ ሳይሆን የውል ጉዳይ ነው።

ወጪው ደግሞ የሚታሰበውን ያህል አይከብድም። ለአንድ ሄክታር 10 ኪሎ ገደማ የማሽላ ዘር ስለሚበቃ አንድ ኩንታል 10 ሄክታር ይሸፍናል፤ ስንዴ በአንጻሩ ለአንድ ሄክታር ብቻ ከኩንታል በላይ ይጠይቃል። በሌላ ዘርፍ የተለመደው የማዘግየት ስልትም እዚህ ይሠራል። ዘሩ በፀረ ተባይ መድኃኒት የሚታሸው እስከ ሰኔ ቢዘገይ፣ ያልተፈለገው ክፍል ለምግብ እህልነት ሊሸጥ ይችላል። አንዴ ከታሸ ግን አይበላም። ክምችቱን በአንድ ትልቅ መጋዘን ከማከማቸት ይልቅ በየኅብረት ሥራ ማኅበሩ መበተን ከሒሳቡ አንጻር ውድ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ራያ ቆላ ሲገባ ለታየው ዓይነት የመንገድ መዘጋት ግን የሚሻለው መበተኑ ነው።

ሆኖም ፍላጎቱ የዝናብ ብቻ አይደለም። የነባሩ ማሽላ ረጅም አገዳ የከብት መኖ፣ ማገዶና የቤት መሥሪያ ነው፤ አጭሩ «ጎብዬ» ይህን አይተካም። ቀድሞ የሚያፈራ ማሳ ደግሞ በዙሪያው ያለው ሁሉ ገና አረንጓዴ ሳለ የወፍ መንጋ የሚያርፍበት ይሆናል፤ ጠባቂ ልጅ የሌለው ቤተሰብ ዘሩን በነጻ ቢያገኝ እንኳ ሊተወው ይችላል። የመጠባበቂያ ክምችቱን መጠን ለማስላት የሚነሣ ተመራማሪ ከሚያዝያ የዝናብ መዝገብ ጎን የመኖና የወፍ ጥበቃ ወጪን መመዝገብ ይኖርበታል።