ልጄ ከትምህርት በኋላ ትሥራ?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ልጄ ማታ ማታ በካሸርነት መሥራት ትፈልጋለች። አባቷ «ትምህርቷን ያበላሽባታል» ይላል። ለወደፊት ገቢዋ ይበጃታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰዓቱ ከተገደበ ትሥራ እላለሁ። ጥቅሙ ግን ያን ያህል ትልቅ አይደለም። ባውምና ሩም የተባሉ የአሜሪካ ኢኮኖሚስቶች የሁለት ትውልድ ወጣቶችን አነጻጽረዋል። በ12ኛ ክፍል በሳምንት 20 ሰዓት መሥራት ለቀደመው ትውልድ፣ እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 1989 ሲለካ፣ የ8.3 በመቶ የደመወዝ ብልጫ አስገኝቷል። ከ2008 እስከ 2010 ለተለካው ትውልድ ግን ወደ 4.4 በመቶ ወርዷል። ጥቅሙ ባብዛኛው የታየው በሴቶች ላይ ነው፤ ለእነሱም ቢሆን ቀንሷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ትጉህ ልጅ ድሮም ሥራ ፈላጊ ነው፤ ኋላ ደህና የሚከፈለው በሥራ ልምዱ ነው ወይስ በትጋቱ? ሆትዝና ባልደረቦቹ በ2002 ባሳተሙት፣ ወንዶችን በተመለከተ ጥናት ይህን ልዩነት ከግምት ሲያስገቡ ጥቅሙ በእጅጉ ሳስቷል።

ጥቅሙ ይህን ያህል አጠራጣሪ ከሆነ ለእሱ ሲባል ትምህርቷ መጎዳት የለበትም፤ ስለዚህ የአባቷ ስጋት ከንቱ አይደለም። የፌዴራሉ ሕግ ከ16 ዓመት በላይ ላሉ ልጆች የሰዓት ገደብ አያስቀምጥም፤ ገደቡን የምታበጁት እናንተ ናችሁ። በሳምንት ከ15 ሰዓት ባይበልጥ እመርጣለሁ። በተለይ ደመወዟ ለቤት ኪራይ ወይም ለአገር ቤት መላኪያ መዋል ከጀመረ ሰዓቱ ሳታስቡት ይጨምራል። የኮሌጅ ማመልከቻዋን እስክታስገባ ተጨማሪ ፈረቃ እንዳትቀበል ካሁኑ ተስማሙ።