የበጎ ፈቃደኞች ሽልማትና የወጣቶች አመራር በስካውት እንቅስቃሴ

ሮበርት ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት የመጀመሪያውን የሙከራ ሰፈር ሲያቋቁም ልጆቹን በአራት ንዑሳን ቡድኖች ከፍሎ ለየቡድኑ ከልጆቹ መካከል አለቃ መደበ። «ፓትሮል» የተባለው ይህ አደረጃጀት የአዋቂውን ድርሻ ይወስናል፤ አዋቂው ወጣት አለቆቹን ያሠለጥናል፣ ቡድኑን የሚመሩት ግን እነርሱ ናቸው።

በአሜሪካ የስካውት ማኅበር ከ1931 ጀምሮ የየአካባቢው ምክር ቤቶች ነባር በጎ ፈቃደኞችን «ሲልቨር ቢቨር» በተባለው ሽልማት ያከብራሉ። ሽልማቱ የሚሰጠው በሌላ ሰው ጥቆማ ነው። ጠቋሚ በጽሑፍ ለማስፈር የሚቀልለው ደግሞ የሚቈጠረው ነገር ነው፤ የአገልግሎት ዘመን፣ የተያዘ ኃላፊነት፣ የተዘጋጀ ሰፈር። የዐሥራ አራት ዓመት አለቃ የጉዞውን ስንቅ አሳንሶ ሲያሰላ እያየ፣ ለአደጋ እስካላደረሰ ድረስ ጣልቃ ያልገባ አሠልጣኝ ምን ተብሎ ይጻፍለታል? ዋና ሥራው ራሱን መግታት ነበርና በዝርዝር ውስጥ አይገባም።

ጉዳዩ የሽልማት ብቻ አይደለም። «ኢግል ስካውት» የተባለው ከፍተኛ ማዕረግ እጩው ለስድስት ወራት ኃላፊነት እንዲሸከምና በአንድ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሌሎችን እንዲመራ ይጠይቃል። ሁሉን በራሱ የሚከውን ትጉ አዋቂ፣ ምስጋናው በበዛ ቁጥር፣ ለወጣቱ የሚተርፈው የኃላፊነት ስም ብቻ ነው። ከጥቆማው በፊት ከአዋቂው ጋር የሠሩ ወጣት አለቆች በራሳቸው ምን ምን እንደ ወሰኑ ቢጠየቁ፣ ያ የማይቈጠረው ሥራ በማስረጃነት ሊቀርብ ይችላል።