ሁለት ደራሲ ያለው መጽሐፍ

በጉንደ ወይንና በአካባቢው ዳዊት የሚደግም ሰው አይጠፋም። «መጽሐፍ ቅዱስን ማን ጻፈው?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አይዘገይም፤ «እግዚአብሔር» ይሏችኋል። ልክ ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ታስተምራለች። ነገር ግን ሰውም ጽፎታል፣ ያውም እንደ እውነተኛ ደራሲ፣ ትላለች። ብዙዎቻችን የምንሰናከለው በዚህ በሁለተኛው ነውና እዚሁ ላይ እንቆይ።

ቁም ጸሐፊ መቃውን ቀርጾ፣ ጥቁሩን ቀለም ለንባቡ፣ ቀዩን ለቅዱሳት ስሞች አዘጋጅቶ ብራናው ላይ ያጎነብሳል። ከሚገለብጠው መጽሐፍ አንዲት ፊደል ቢያጎድል ወይም ቢጨምር ጥፋት ነው። ነቢያትንና ሐዋርያትንም እንዲሁ የተነገራቸውን ብቻ የገለበጡ አድርገን እናስባቸዋለን። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን በፈረንጆች አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ ናቸው) ኅዳር 18 ቀን 1965 ባወጣው ስለ መለኮታዊ ግልጸት በሚናገረው ድንጋጌ፣ አንቀጽ 11 ላይ፣ ሌላ ነገር ያስተምራል። እግዚአብሔር ሰዎችን መርጦ በገዛ ችሎታቸውና አእምሯቸው ተጠቀመ፤ እርሱ በእነርሱ ሲሠራ እነርሱ እርሱ የፈቀደውን ሁሉ፣ የፈቀደውንም ብቻ፣ ጻፉ።

ማስረጃው መጽሐፉ ውስጥ አለ። ሉቃስ ወንጌሉን ሲጀምር ነገሩን ከመሠረቱ መርምሮ በቅደም ተከተል እንደጻፈ ይነግረናል፤ ጠይቋል፣ አመሳክሯል ማለት ነው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት፣ ምዕራፍ 1 ላይ፣ ከጥቂት ሰዎች በቀር ማንንም እንዳላጠመቀ ይናገርና ወዲያው የእስጢፋኖስን ቤተ ሰብ ያስታውሳል፤ ከዚያ ሌላ ማጥመቁን ግን አያስታውስም። መንፈስ ቅዱስ የሚመራው ሐዋርያ መርሳቱን ሳይደብቅ ጻፈ፤ እኛም ያንን የእግዚአብሔር ቃል ብለን እናነባለን። እኔ ከዚህ ቦታ በላይ ምሥጢሩን የሚያቀርብልኝ አላገኘሁም። ካቶሊኮች የምንቀበለው ሁለተኛ መቃብያንም (ከግእዙ መቃብያን የተለየ ነው) ጸሐፊው አምስት መጻሕፍትን አሳጥሮ አንድ ማድረጉ ብዙ ላብና እንቅልፍ ማጣት እንዳስከፈለው ይናገራል።

በሌላው ጎንም ስሕተት አለ። «ሰዎች የጻፉትን ቤተ ክርስቲያን ኋላ አጸደቀችው» የሚለውን ሐሳብ የመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ በ1870 አልተቀበለም። መጻሕፍቱ ቅዱሳን የሆኑት በመንፈስ ቅዱስ ምሪት ስለተጻፉና ደራሲያቸው እግዚአብሔር ስለሆነ ነው። የፍሎረንስ ጉባኤም በ1442 ለግብጽ ክርስቲያኖች በጻፈው ሰነድ የብሉይና የሐዲስ ደራሲ አንዱ እግዚአብሔር ነው ብሎ ነበር።

እንግዲህ ደራሲው ሰውም ከሆነ፣ ማን ነው፣ ለማን ጻፈ፣ በምን ዓይነት አጻጻፍ ጻፈ ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1943 ይህን አጥብቀው አሳሰቡ። ለጎጃም ሊቃውንት ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም፤ የአንድምታ መምህር መጽሐፉን ሲጀምር ጸሐፊው ማን እንደሆነና በምን ምክንያት እንደጻፈ ይናገራል። ከጉንደ ወይን ጎረቤት ከመርጡለ ማርያም አገር የወጣው ብፁዕ ገብረ ሚካኤል (1791–1855) ጥንታዊ መጻሕፍትን ፍለጋ ገዳማትን የዞረ ሊቅ ነበር፤ በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበለ፣ ኋላም ስለዚሁ እምነቱ በእስር ሞተ። መጽሐፍን መመርመር ለእርሱ የእምነቱ አካል እንጂ ድፍረት አልነበረም።

አሁን ወደ ከባዱ እንሂድ። መዝሙር 136 በባቢሎን የተማረኩትን ልቅሶ ይዞ በአስፈሪ እርግማን ያበቃል፤ የጠላት ሕፃናት ሳይቀሩ በዓለት እንዲፈጠፈጡ ይመኛል። ይህንንም እግዚአብሔር አነሣሣው? አዎን፣ መዝሙሩ በሙሉ የእርሱ ቃል ነው። ይህ ማለት ግን ሕፃን ግደሉ ብሎ አዘዘ ማለት አይደለም። አገሩ የፈረሰበት ሰው በቅኔ ያፈሰሰው ምሬት ነው፤ እግዚአብሔር ያንን ምሬት እንዳለ ተቀብሎ በመጽሐፉ አስቀመጠው። ጠላትን መውደድ የተገለጠው ኋላ በክርስቶስ ነው፤ ስለዚህ መዝሙሩ ከወንጌል ጋር ካልተነበበ ያሳስታል። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በኋላ በተዘጋጀው በሮማ ሥርዓት የሰዓታት ጸሎት እነዚያ ስንኞች አይጸለዩም፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ግን አልወጡም።