ነዳጅ የጫነች መርከብ ስትሰበር

በኩራዝ የምናነደው ላምባ የሚጣራው ከድፍድፍ ነዳጅ ነው። ድፍድፉ ከአገር ወደ አገር በመርከብ ይጓጓዛል።

መጋቢት 7 ቀን 1970 ዓ.ም. አሞኮ ካዲዝ የምትባል መርከብ በፈረንሳይ አገር፣ በብሬታኝ ጠረፍ ስታልፍ መሪዋ ተበላሸ። ጎታች መርከብ ደርሳ በሰንሰለት ብታስራትም ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ማዕበሉ ገፍቶ ቋጥኝ ላይ ጣላትና ተሰበረች። ከ2 ሚሊዮን ኩንታል በላይ ድፍድፍ ባሕር ውስጥ ፈሰሰ።

ዘይት ከውሃ ስለሚቀል ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። እስቲ በጣሳ ውሃ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ እዩት። የባሕር ወፍ ዓሣ ልትይዝ ስትወርድ ላባዋ በዘይቱ ይነከራል። እንዲህ ያለ ላባ ደግሞ ብርድ አይመክትም፤ መብረርም ያቅታታል፤ ትሞታለች። ብዙ ሺህ ወፍ ያለቀው በዚህ ነው።

የሚገርመው የገበሬዎቹ ነገር ነው። ፈሳሽ ፍግ ወደ ማሳ የሚወስዱበትን፣ በትራክተር የሚጎተት ትልቅ በርሜል ባሕሩ ዳር ድረስ ይዘው ወርደው ዘይቱን መጠጡበት! ወታደሩም፣ ዓሣ አጥማጁም፣ ተማሪውም በአካፋና በባልዲ ዛቀ። ይኸም ሆኖ ከ300 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጠረፍ ተበከለ።

ኩባንያው የአሜሪካ ስለነበር ካሳ ለማግኘት እዚያው ሄደው ከሰሱ። የይግባኙ ፍርድ የተሰጠው በ1984 ዓ.ም. ነው፤ ወደ አሥራ አራት ዓመት ገደማ ማለት ነው። የተፈረደላቸውም ከጠየቁት ያነሰ ነበር።