ለሯጭና ለኳስ ተጫዋች የሚሆን ምግብ

ምሩጽ ይፍጠር በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሩጫ ሁለት የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከድንበሩ ማዶ በሶማሌላንድ የተወለደው ሞ ፋራህም ለእንግሊዝ ሮጦ በ2004 ዓ.ም. በለንደን በእነዚሁ ርቀቶች ሁለት ወርቅ ወሰደ። በ2008 ዓ.ም. በሪዮ ደገመው። ሰው ይህን ሲሰማ «ምን ቢበሉ ነው?» ይላል። ብዙው «ሥጋ ነዋ!» ብሎ ይመልሳል።

ነገሩ እንዲያ አይደለም። የአገራችን ሯጮች አመጋገብ ሲጠና፣ ከጉልበታቸው ከመቶ 60 በላይ የሚሆነው ከእህል የሚገኝ ሆኗል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ ፓስታ፣ ሩዝ ማለት ነው። ሰውነት እህሉን ወደ ስኳር ይለውጥና በጡንቻና በጉበት ያስቀምጠዋል። ሰው ሲሮጥ ከዚያ ስንቅ ይቀንሳል። ስንቁ ሲያልቅ እግር ይከብዳል፣ ዓይን ይጨልማል። በዩኒቨርሲቲ «ካርቦሃይድሬት» እያልን በከባድ ስም የምንማረው ይኸው በጅጅጋ ሜዳ የምታመርቱት ማሽላ፣ በቆሎና ስንዴ ነው። ስለዚህ ውድድር ያለበት ልጅ ሦስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ላሆህ ወይም የማሽላ ገንፎ በወተት ይብላ። ሻይ ብቻ ጠጥቶ ሜዳ የገባ ልጅ ከእረፍት በኋላ ቢደክም ሰነፍ አትበሉት።

ጡንቻን የሚጠግነው ገንቢ ምግብ ነው። ጠንክሮ የሚሠራ ስፖርተኛ ለእያንዳንዱ የክብደቱ ኪሎ በቀን ቢያንስ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 72 ግራም ይሆናል። ግማሽ ሊትር ወተት 15 ገደማ፣ ሁለት እንቁላል 12፣ 300 ግራም የማሽላ ዱቄት 30፣ 60 ግራም የባቢሌ ለውዝ 15 ይሰጣል። ደምሩት፤ 72 ይመጣል፤ ሥጋም አልገባበትም። የማሽላ ፕሮቲን ብቻውን ጎደሎ ነው፤ ወተት ወይም ባቄላ ሲጨመርበት ግን ይሟላል።

የግመል ወተት ከላም ወተት ይልቅ ቪታሚን ሲ አለው። ነገር ግን ይፈላ! በጥሬ ወተት ብሩሴሎሲስ የሚባል በሽታ ይተላለፋል። ትኩሳቱ ይመላለሳል፣ መገጣጠሚያን ያሳምማል፣ ሰውን ለወራት ከሥራ ያስቀራል። «ጥሬው ይጣፍጣል» የሚሉ አባቶች አሉ። ጣዕሙን አልክድም፤ ጉልበቱ የታሰረ ሯጭ ግን አይሮጥም።

አሁን ስለ ሴቶች ልጆች። ልጃገረድ በየወሩ ደም ስለሚፈሳት ከወንድሟ የበለጠ የብረት ማዕድን ያስፈልጋታል። ብረት ሲያንስ ደም ያንሳል፤ ትንሽ ሮጣ ታለከልካለች፣ ፊቷ ይገረጣል። ብረት በሥጋ፣ በጉበት፣ በምስርና በባቄላ ይገኛል። በምስሩ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ ብረቱ ወደ ደም በደንብ ይገባል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ሻይ ደግሞ ያግደዋል። ስለዚህ ሻዩ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ። በአንዳንድ ቤት ወንዶቹ ከበሉ በኋላ የተረፈው ለሴቶቹ ይቀርባል። ልጅቷ እየሮጠች ከሆነ ይህ ልማድ ይጎዳታል። በሌላው ዓለም ከከፍታ ዘለው ወደ ውሃ በሚጠልቁ ስፖርተኞች ዘንድም ለመቅጠን ሲሉ የሚራቡ አሉ። ራቡ ሲበዛ የወር አበባቸው ይቋረጣል፣ አጥንታቸውም ይሳሳል። እዚህ በእጦት የሚመጣው እዚያ በፈቃድ ይመጣል፤ አጥንቱ ግን ልዩነቱን አያውቅም።

ጫትስ? ጫት ራብን ያስረሳል እንጂ አያጠግብም። ልብን በፍጥነት ያስመታል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ የደከመ ጡንቻ ደግሞ የሚጠገነው በእንቅልፍ ነው። ሌላም አለ። በጫት ውስጥ ያለው ካቲን የሚባል ነገር በውድድር ጊዜ በሽንት ምርመራ ከተወሰነው መጠን በላይ ከተገኘ ስፖርተኛውን ያስቀጣል። ትልቅ ውድድር የሚያስብ ወጣት ይህን ከወዲሁ ይወቅ።

ውሃ ጥም እስኪያቃጥል አይጠበቅም። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። በረመዳን የሚጾም ተጫዋች ከባድ ልምምዱን ከኢፍጣር በኋላ ቢያደርግ ይሻለዋል። ሲያፈጥር በቴምርና በውሃ ይጀምር፤ ከዚያ ሾርባና እህል ይከተል። ሱሁርን ግን አይዝለል፤ ገንፎና ወተት እስከ ቀትር ያቆዩታል።

የሒሳብ ጥያቄ፦ አንዲት ሯጭ 50 ኪሎ ትመዝናለች። በቀን ቢያንስ ስንት ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል? በቤታችሁ ካለው ምግብ እንዴት ትሞሉላታላችሁ? በጽሑፍ መልሱ።