ወንድሜን ልሸሽገው?

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ በጠብ ሰው በጥይት አቁስሎ ላስ ቬጋስ ያለው ቤቴ መጣ። እናታችን «የእናትህን ልጅ አሳልፈህ አትስጥ» ብላ ታለቅሳለች። እኔ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ አይሸሽጉት። ልብሱን አይጠቡ፣ መሣሪያውን አይንኩ፣ ለጉዞም ገንዘብ አይስጡት። የኔቫዳ ሕግ ከባድ ወንጀል የሠራን ሰው እያወቀ የሚደብቅን ይቀጣል። ከዚህ ነፃ የሚሆነው የትዳር ወይም በሕግ የታወቀ የኑሮ አጋር ነው እንጂ ወንድምና እናት አይደሉም። ለእርስዎ ደግሞ መዘዙ ሊከፋ ይችላል፤ በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ፍትሕን በማሰናከል ቢያንስ አንድ ዓመት የተፈረደበት የውጭ ዜጋ ከአገር ሊባረር ይችላል፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2023 ፑጂን በተባለ ሰው ጉዳይ፣ ምርመራ ወይም ክስ ገና ባይጀመርም ድርጊቱ ፍትሕን እንደማሰናከል ሊቆጠር እንደሚችል ወስኗል።

ዛሬውኑ የወንጀል ጠበቃ ይፈልጉለትና ከጠበቃው ጋር እጁን ይስጥ። አቅም ከሌለው ፍርድ ቤት ተከላካይ ጠበቃ ይመድብለታል። ጠበቃው ሳይኖር ለፖሊስ ቃል አይስጥ፤ ዝም ማለት መብቱ ነው። እርስዎም ለራስዎ ሌላ ጠበቃ ያማክሩ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ተጎጂው ቤተሰብ አትሂዱ። አገር ቤት ክብር የሆነው እርቅ እዚህ ምስክር እንደ ማስፈራራት ሊቆጠር ይችላል።

ለእናትዎ ዴቪድ ካዚንስኪ ያደረገውን ይንገሯት። እ.ኤ.አ. በ1996 በፈንጂ ሰው ይገድል የነበረውን ወንድሙን ቴድን ጠቁሞ አስያዘ፤ ከዚያ ግን በሞት እንዳይቀጣ አጥብቆ ታገለለት። ቴድ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። እርስዎም ወንድምዎን እስር ቤት ይጠይቁት፣ ችሎትም አይቅሩበት። ያቆሰለው ሰውም እናት እንዳለው ግን አይርሱ።